ለ40 ኮምፒውተር አንድ እርሾ

(በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለአይቲ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ብዙ ኮምፒውተሮችን በአንድ ኢሜጅ፣ ማለትም ከአንድ የተዘጋጀ ኮምፒውተር በተወሰደ ሙሉ ቅጂ፣ እንጭናለን። ከዚያ አዲስ ዩዘር ለመጀመሪያ ጊዜ ይገባል። ያ ሰው የሚያየውን ዴስክቶፕ፣ ማለትም ዎልፔፐሩን፣ ቀለሙን፣ በጥቅሉ ቲም የምንለውን ገጽታ፣ እንዴት አስቀድመን እናዘጋጅለታለን? ትንሽ ነገር ነው ብያለሁ። ግን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ያሳጣኝ ትንሽ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ከአለቃዬ ጋር ሊያጣላኝ ነበር።

ከሱ ልጀምር። ሥራ በጀመርኩበት ኮሌጅ አንድ ላብ ነበረን። 40 ኮምፒውተር፣ ሁሉም ዊንዶውስ ኤክስፒ። ያኔ "ጎስት አድርገው" እንባባል ነበር። ጎስት የሶፍትዌር ስም መሆኑ ተረስቶ ግስ ሆኖ ነበር። አንዷን ኮምፒውተር አሳምረህ ታዘጋጃለህ፣ ኢሜጅ ታወጣለህ፣ 39ኙ ላይ ትገለብጣለህ። በቃ።

እኔም አንዷን በራሴ ዩዘር ገብቼ አሳመርኳት። የኮሌጁን አርማ ዎልፔፐር አደረግኩ። አይከኖቹን ደረደርኩ። ኤክስፒ ላይ "ኮፒ ቱ" የምትባል በተን ነበረች። የአንድን ዩዘር ፕሮፋይል ወስዳ የአዲስ ዩዘሮች መነሻ ወደሆነው ፎልደር ትገለብጣለች። ተጫንኳት። ኢሜጁን አወጣሁ፣ ሁሉም ላይ ጫንኩ። አማረ። ቅዳሜ ማታ ቤቴ ስገባ የሚያህለኝ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ተማሪዎች ገቡ። አንዱ ልጅ ስታርት ሜኑ ይከፍትና በቅርቡ የተከፈቱ ዶክመንቶች የሚለው ላይ ይሄዳል። "ሲቪ አዲስ የመጨረሻ" የሚል ፋይል ያያል። ከሱ ሥር "የሥራ ማመልከቻ"። ሁለቱም የእኔ ናቸው። ፋይሎቹ አይከፈቱም፤ ስማቸው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ40ውም ኮምፒውተር ላይ፣ ለሚገባው ሰው ሁሉ። ከሰዓት በኋላ አለቃዬ አስጠሩኝ። "ልጄ፣ ልትለቀን ነው እንዴ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ዎልፔፐር እየቀየርኩ ነበር ልበል?

ገጽታውን የገለበጥኩ መስሎኝ ራሴን ነበር የገለበጥኩት። ፕሮፋይል ማለት ሰውዬው ነው። የከፈተው፣ የፈለገው፣ ያስቀመጠው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

እስቲ አዲስ ዩዘር ሲገባ ምን እንደሚሆን እንይ። ሲ ድራይቭ ላይ ዩዘርስ የሚል ፎልደር አለ። ከውስጡ ዲፎልት የሚባል ሌላ ፎልደር አለ። ድብቅ ነው፤ ድብቅ ፋይሎች ይታዩ ካላላችሁ አታዩትም። አንድ ሰው ያን ኮምፒውተር ከፍቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ዊንዶውስ ይህን ፎልደር ይገለብጥና የሰውዬውን ስም ይሰጠዋል። ከውስጡ ያለው ዋናው ፋይል ኤንቲዩዘር ዶት ዳት ይባላል። የዩዘሩ የራሱ ሬጂስትሪ፣ ማለትም የቅንብሮቹ መዝገብ፣ ነው። ዎልፔፐሩ የቱ ነው፣ ኪቦርዱ ምንድን ነው፣ ቀለሙ ጨለማ ነው ወይስ ብርሃን፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል።

እናቴ ሊጥ ስታቦካ ካለፈው ያስቀረችውን እርሾ ትጨምርበታለች። እርሾው ከተበላሸ የዚያ ቀን እንጀራ በሙሉ ይበላሻል። ትናንት ተጋግሮ መሶብ የገባውን ግን እርሾ በመቀየር አታስተካክለውም። ዲፎልት ፕሮፋይል እርሾ ነው። እሱ ላይ ያደረጋችሁት ከዛሬ በኋላ ለሚገባው ይደርሳል። ትናንት ለገባው አይደርስም። ይህን ረስተው "ቀየርኩት፣ አልሠራም" እያሉ የሚደውሉልኝ ልጆች ብዙ ናቸው። የሞከሩት ትናንት በገቡበት ዩዘር ነው።

ወደ ሁለቱ ሳምንታት ልምጣ። ይህ ከዓመታት በኋላ ነው፣ ዊንዶውስ 10 ላይ። ኮፒ ቱ የምትባለዋ በተን ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ለተራ ዩዘር ፕሮፋይል አትሠራም። ደብዝዛ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ሳያት ተናድጄ ነበር። የሲቪዬን ታሪክ ሳስታውስ ግን ደግ አደረጉ አልኩ።

በራሴ መንገድ ሄድኩ። ሬጂስትሪ ኤዲተር ከፈትኩ። የዲፎልትን ኤንቲዩዘር ፋይል ጫንኩ። ዎልፔፐር የሚለው ቦታ ላይ የእኛን ምስል አድራሻ ጻፍኩ። ፋይሉን መልሼ አወረድኩ። አዲስ ዩዘር ፈጥሬ ገባሁ። ያ የዊንዶውስ ሰማያዊ መስኮት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው። ፊደል ተሳስቼ ይሆናል ብዬ አድራሻውን አሥር ጊዜ አየሁ። አልተሳሳትኩም።

ምስጢሩ ይኸውላችሁ። የመጀመሪያው ሎግ ኢን ግልበጣ ብቻ አይደለም። ከግልበጣው በኋላ ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ አዲስ ዩዘር አንዴ ብቻ የሚያስኬዳቸው ሥራዎች አሉ። የሚያስኬዳቸው ክፍል አክቲቭ ሴትአፕ ይባላል። "እየተዘጋጀ ነው፣ ትንሽ ይታገሱ" የሚለው ስክሪን ላይ ቁጭ ስትሉ ከሚሠሩት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ደግሞ የቲም ነው። የዚህኛው ሥራ የኮምፒውተሩን መነሻ ቲም ማልበስ ነው። ስለዚህ እኔ የጻፍኩት ዎልፔፐር ተገልብጦ ነበር። ግን ሰውዬው ስክሪኑን ከማየቱ በፊት ቲሙ መጥቶ በላዩ ላይ ለበሰበት። ቤት ቀብተህ ስትጨርስ ሌላ ቀለም ቀቢ ተከትሎህ እንደመግባት ነው።

ስለዚህ ከዎልፔፐሩ ጋር አትታገሉ። ቲሙን ራሱን ያዙ።

ቲም ምንድን ነው? ብዙ ሰው ትልቅ ነገር ይመስለዋል። ኖትፓድ ላይ የሚከፈት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሪሶርስስ፣ ከዚያ ቲምስ ብላችሁ ግቡ። ኤሮ ዶት ቲም የሚለውን ኮፒ አድርጋችሁ ክፈቱት። የቲሙ ስም አለ። የዎልፔፐሩ አድራሻ አለ። ምስሉ ስክሪኑ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚናገር ቁጥር አለ፤ 10 ከሆነ ስክሪኑን ይሞላል፣ 6 ከሆነ ሳይቆረጥ ይገጥማል። የመስኮቶቹ ቀለም አለ። ሲስተሙ ብርሃን ይሁን ጨለማ፣ አፖቹስ የሚል አለ። ያን አስተካክላችሁ በራሳችሁ ስም እዚያው ቲምስ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣላችሁ።

አንድ ነገር አደራ። ምስሉን ማንም ሊያነበው የሚችል ቦታ አስቀምጡ። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ዌብ፣ ዎልፔፐር የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ሥር የራሳችሁን ፎልደር ክፈቱ። እኔ መጀመሪያ ምስሉን የራሴ ዳውንሎድስ ውስጥ ትቼው ነበር። ለእኔ ይታየኛል፤ አድሚን ነኛ! ተማሪው ሲገባ ግን የሰው ፎልደር ማንበብ አይፈቀድለትም። ያየው ጥቁር ስክሪን ነው። አንዷ ልጅ "ይሄኛው ሞኒተር ሞቷል" ብላ ኬብሉን ነቅላ ጠበቀችኝ።

ሌላ ደግሞ፣ አይኤምጂ 0 የሚባለውን የዊንዶውስ የራሱን ምስል አጥፍታችሁ በቦታው የእናንተን በዚያው ስም ማስቀመጥ የምትወዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እየሳቃችሁ ነው፣ ስለዚህ አላችሁ። ይሠራል፣ አልዋሽም። ግን ፋይሉ የሲስተሙ ነው፤ ለመንካት ባለቤትነቱን መንጠቅ አለባችሁ። አንድ ቀን ትልቅ አፕዴት ይመጣና የራሱን ይመልሳል። የዚያን ቀን ደግሞ እናንተ ፈቃድ ላይ ናችሁ።

እሺ፣ ቲሙ ተዘጋጀ። ለአዲስ ዩዘር ማን ያልብስለት? እኔ የምወደው መንገድ ግሩፕ ፖሊሲ ነው፤ አድሚኑ የኮምፒውተሮችንና የዩዘሮችን ቅንብር የሚያዝበት የዊንዶውስ መሣሪያ። በዩዘር ኮንፊገሬሽን በኩል አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ከዚያ ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ፐርሰናላይዜሽን። እዚያ "ሎድ ኤ ስፔሲፊክ ቲም" የሚል አለ። የቲም ፋይሉን አድራሻ ትሰጡታላችሁ። አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ያን ቲም ያለብሰዋል። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ልቀይር ቢል አይከለክለውም። በጣም የምወደው ይህን ጠባዩን ነው፤ እመለስበታለሁ። ዶሜይን፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹን በማዕከል የሚያስተዳድር ኔትወርክ፣ የሌላችሁም ብትሆኑ በየኮምፒውተሩ ሎካል ፖሊሲ ላይ ታገኙታላችሁ። ሆም የሚባለው እትም ላይ ግን የፖሊሲ ኤዲተሩ የለም።

ኢሜጅ በወግ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የሲስፕሬፕ መንገድ አለ፤ ኢሜጅ ከመውጣቱ በፊት የማሽኑን መለያዎች ከዊንዶውሱ የሚያጸዳ የማይክሮሶፍት መሣሪያ ነው። ሲስፕሬፕ የሚያነበው የመልስ ፋይል፣ ማለትም የጭነቱ ቅንብሮች ቀድመው የተጻፉበት ፋይል፣ ውስጥ ስለ ቲም የሚናገር ክፍል አለ። የራሳችሁን ቲም መነሻ አድርግልኝ ማለት ትችላላችሁ። በዚያው ፋይል ኮፒፕሮፋይል የሚባል ቅንብርም አለ። እውነት ካላችሁት የአድሚኒስትሬተሩን ፕሮፋይል ወደ ዲፎልት ይገለብጠዋል። የድሮዋ በተን በሕጋዊ መንገድ ተመልሳ መጣች ማለት ነው።

ኮፒፕሮፋይልን ስትጠቀሙ ግን በንጹህ እጅ ይሁን። ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫኑ። ስም ጠይቆ ሰላም ሲላችሁ አትመልሱለት። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤፍ 3 አንድ ላይ ተጫኑ። ኦዲት ሞድ፣ ማለትም አዲስ ዩዘር ሳይፈጠር ኮምፒውተሩ የሚዘጋጅበት ሁኔታ፣ ይገባላችኋል። እዚያ የምትሠሩት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በሚመጣው አድሚኒስትሬተር ነው። ሌላ ዩዘር አትፍጠሩ። ከፈጠራችሁም ከነፕሮፋይሉ አጥፉት፤ አለበለዚያ የማን ፕሮፋይል እንደሚገለበጥ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ብሮውዘር ከፍታችሁ ኢሜላችሁን አትዩ። ሲቪ አትጻፉ።

ሲስፕሬፕ መሀል ላይ እምቢ ካለም አትደንግጡ። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ከስቶር የመጣ አፕ ነው። ለአንድ ዩዘር ብቻ የተጫነ፣ ለሁሉም ያልተዘጋጀ አፕ ካገኘ ይቆማል። ሲስፕሬፕ ፎልደር ውስጥ ፓንተር የሚባል አለ። ሴትአፕአክት የሚለውን ሎግ ከመጨረሻው ወደ ላይ አንብቡት። የአፑን ስም ጽፎላችኋል። አጥፉትና ቀጥሉ። ቢቻል ኦዲት ሞድ ላይ ስትሠሩ የኢንተርኔት ኬብሉን ንቀሉ። ስቶር በራሱ ጊዜ አፖችን አፕዴት ሲያደርግ ነው ጣጣው የሚመጣው።

አሁን የእኔን አቋም ልንገራችሁ። ኮፒፕሮፋይል ለኪቦርድ፣ ለፎልደር አሠራር፣ ለመሳሰለው ይሁን። ገጽታን ግን ከኢሜጁ ጋር አትለስኑት። የኮሌጃችን አርማ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ዎልፔፐር ለመቀየር ሙሉ ኢሜጅ እንደገና ማውጣት? ለአንዲት ምስል? ምስሉና ቲም ፋይሉ በአንድ ትንሽ ስክሪፕት ይምጡ። ኢሜጁ ይውረድ፣ ስክሪፕቱ ምስሉን ይገልብጥ፣ ፖሊሲው ወደሱ ያመልክት። ሲቀየር ምስሉን ብቻ መተካት ነው።

ስክሪፕት ካልኩ አይቀር የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። የዲፎልትን ሬጂስትሪ በስክሪፕት መንካት ይቻላል። ሬግ ሎድ ብላችሁ ትጭናላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ሬግ አንሎድ ብላችሁ ታወርዳላችሁ። እኔ አንድ ቀን ማታ በኔትወርክ ለሁሉም ኮምፒውተሮች ላክሁት። ጻፈ። ማውረዱ ላይ ግን "አክሰስ ዲናይድ" ብሎ ቀረ። እኔ አላየሁም፤ ሻንጣዬን አንስቼ ወጥቻለሁ። ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ፓወርሼል ፋይሉን በእጁ እንደያዘ ነበር። ነገሩ ሲገባኝ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፓወርሼል የያዘውን እንዲለቅ ጋርቤጅ ኮሌክሽን፣ ማለትም የማያስፈልገውን ከሜሞሪ የሚያጸዳውን፣ አስሩጡት፣ ከዚያ አውርዱ። ግን ያን ጊዜ አላወቅኩም። ፋይሉ እንደተያዘ አደረ። በነጋታው አዲስ የተመዘገቡ ተማሪዎች መጡ። ዊንዶውስ ሊገለብጥላቸው ሲል ፋይሉ ተይዟል። "የዩዘር ፕሮፋይል ሰርቪስ ሎግ ኢኑን ማስኬድ አልቻለም" የሚል በየስክሪኑ። የድሮዎቹ ተማሪዎች ያለ ችግር ይገባሉ፣ አዲሶቹ አይገቡም። መምህሩ "የፓስወርድ ችግር ነው" እያሉ ግማሽ ሰዓት ሲያስሞክሯቸው ነበር። በመጨረሻ ሁሉንም ሪስታርት አደረግናቸው፣ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ አንሎድ መሳካቱን ሳላይ ሻንጣዬን አላነሳም።

ስለ ቴክኒኩ ይብቃን። ምን እናልብሳቸው የሚለው ላይ ልቆይ። እዚህ ላይ የሚያስብ ሰው ትንሽ ነው።

ዎልፔፐራችን ላይ ያኔ የኮሌጁን ሙሉ ስም በትልቁ ጻፍንበት። ከዳር እስከ ዳር። እኔ የሠራሁት ሰፊ ሞኒተር ላይ ነው። ላቡ ውስጥ ግን ግማሾቹ የድሮ ካሬ መሳይ ሞኒተሮች ነበሩ። ስክሪኑን ይሙላ ስለተባለ ግራና ቀኙ ተቆረጠ። የስሙ ፊትም ጭራም የለም፤ የቀረው መሀሉ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ያን ቁራጭ ስም አድርገው ኮሌጁን ይጠሩበት ጀመር። እስከ ዛሬ ይጠሩበታል። ጽሑፍ ካለባችሁ መሀል ላይ ሰብሰብ አድርጉት። ቢቻል ጭራሽ አትጻፉ። ዊንዶውስ የጄፔግ ዎልፔፐርን በራሱ ጊዜ እንደገና ይጨምቀዋል፣ ወደ 85 በመቶ ጥራት። ፎቶ ላይ አይታወቅም። ፊደል ጠርዝ ላይ ግን ብዥ ይላል።

ጨለማ ወይስ ብርሃን? እናንተ ጨለማ ትወዳላችሁ፣ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። እኔም ቤቴ እንደዚያ ነኝ። ላብ ግን ቤት አይደለም። የእኛ ላብ መስኮቱ በምሥራቅ በኩል ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲገባ ጨለማው ስክሪን መስታወት ይሆናል፤ የራስህን ፊት ነው የምታየው። ፕሮጀክተር ላይማ ጭራሽ አይነበብም። ባትሪ ይቆጥባል የሚባለው ደግሞ ኦሌድ ስክሪን ላይ ነው። የእኛ ኤልሲዲ ከኋላው ያለው መብራት ጥቁርም ብታሳዩት ይበራል። ስለዚህ ለላብ መነሻው ብርሃን ይሁን። ጨለማ የሚወድ ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጎ ይቀይር።

አራት ጊጋ ራም ያላቸው ማሽኖች ላይ ብርጭቆ መሳይ ግልጽነቱንና እንቅስቃሴውን አጥፉላቸው። ማንም አይናፍቀውም።

የአማርኛው ነገር ከዎልፔፐሩ ይበልጣል። አዲስ ተማሪ ገብቶ የአማርኛ ኪቦርድ ካጣ ቆንጆ ተራራ ብታሳዩት ምን ይሠራለታል? ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። አድሚኑ ላይ ጨምሩት። ከዚያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሪጅን፣ አድሚኒስትሬቲቭ የሚለው ታብ ላይ "ኮፒ ሴቲንግስ" አለ። ከታች ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንዱ ለመግቢያው ስክሪን፣ ሌላው ለአዲስ ዩዘሮች። ሁለቱንም ምልክት አድርጉ። በቃ፣ ሬጂስትሪ ሳትነኩ እርሾው ውስጥ ገባ። ዲፎልትን ለመንካት ማይክሮሶፍት ራሱ የሰጠን እንዲህ ቀላል በር ይህ ብቻ ይመስለኛል። ለገጽታም እንዲህ ያለ ሳጥን ቢኖር ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልቆምኩ።

ፎንትም አለ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ የግዕዝ ፎንት ነው። ብዙ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በሱ ተጽፏል። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ከዋናው ጥቅል ወጥቶ ተጨማሪ ፎንቶች ውስጥ ገብቷል። ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር አማርኛ ሲጨመርለት ያወርደዋል። ኢንተርኔት የሌለው ላብ ከየት ያመጣል? ፊደሉ ኤብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ይነበባል፣ ግን የደብዳቤው ገጽ አቀማመጥ ይዛባል። ኢሜጁ ውስጥ ቀድማችሁ ክተቱት።

አሁን እመለስበታለሁ ወዳልኩት ነገር። መነሻ መስጠትና መቆለፍ። ፖሊሲ ውስጥ "ዴስክቶፕ ዎልፔፐር" የሚል ሌላ አለ። እሱ ይቆልፋል። ሰውዬው ሊቀይር ሲል "በድርጅትዎ የሚተዳደር" የሚል ያነባል። ብዙ አለቆች የሚጠይቁት እሱን ነው። "አንድ ዓይነት ይሁን" ይላሉ። እኔም አንድ ጊዜ ቆልፌያለሁ፤ ዎልፔፐሩን ብቻ ሳይሆን ቀለሙን፣ ቲሙን፣ ሁሉንም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆኑ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ቀን መጡና "ልጄ፣ ጥቁሩን በነጭ ፊደል የነበረውን ማን ወሰደብኝ?" አሉኝ። ለካ ዓይናቸው ደካማ ነው። ልጃቸው ሃይ ኮንትራስት የሚባለውን ቲም አድርጋላቸው ነበር። እኔ አንድ ዓይነት ይሁን ብዬ ወሰድኩባቸው። ሦስት ቀን ሙሉ መዝገብ በእጅ ሲጽፉ ነበር የከረሙት። ለማንም አልተናገሩም። የዚያኑ ቀን ቁልፉን አነሳሁ።

ደግሞስ ማን ይቀይራል? የኤክስፒን አረንጓዴ ኮረብታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቻርልስ ኦሪር የሚባል ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1996 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሶኖማ በሚባል ቦታ ያነሳው ነው። ያን ኮረብታ ዓለም በሙሉ የሚያውቀው አብዛኛው ሰው መነሻውን ስለማይቀይር ነው። ስለዚህ አለቃችሁ አንድ ዓይነት ይሁን ሲሉ እሺ በሉ። መነሻውን ስጡ፣ አትቆልፉ። በሩቅ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው። ቁልፍ የሚያስፈልገው ሕዝብ እየተፈራረቀ የሚነካው ማሽን ላይ ነው፤ ለምሳሌ እንግዳ መቀበያ ያለው።

ሊኑክስ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ። አራት። ለእናንተ ፈጠን ብዬ። ኢቲሲ ውስጥ ስኬል የሚባል ፎልደር አለ። እሱ እንደ ዊንዶውሱ ዲፎልት ነው፤ ዩዘር ሲፈጠር ይገለበጣል፣ ከዚያ ወዲያ አይነካውም። ኖም የሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ግን የተሻለ አለ። ዲኮንፍ ይባላል። መነሻውን በሲስተሙ የመረጃ ቋት ውስጥ ትጽፋላችሁ፣ "ዲኮንፍ አፕዴት" ትላላችሁ። ይህ አይገለበጥም። ዩዘሩ ራሱ ያልመረጠው ነገር ሲኖር ወደዚያ ዞሮ ያነባል። ስለዚህ መነሻውን ብትቀይሩ የድሮውም ዩዘር፣ ራሱ ካልቀየረ፣ አዲሱን ያያል። መቆለፍ ከፈለጋችሁ ሎክስ የሚባል ፎልደር ለብቻው አለ፤ መስጠትና መቆለፍ ከሥሩ ተለያይተዋል። ኡቡንቱ 22.04 ጀምሮ ያላችሁ ደግሞ ለጨለማው የተለየ የምስል ቦታ እንዳለ አትርሱ። አንዱን ብቻ ሞልታችሁ ጨለማ የመረጠው ልጅ ሌላ ምስል ሲያይ ግራ አትጋቡ።

ጥያቄ ካለ ልውሰድ። እሺ፣ መነጽር ያደረግከው ወንድሜ።

(ጥያቄው ሲስፕሬፕ ሳያደርጉ ክሎን ማድረግ ምን ችግር አለው የሚል ነበር።)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለረጅም ጊዜ "ብዙ ችግር የለውም" የሚሉ ነበሩ። የማይክሮሶፍቱ ማርክ ሩሲኖቪች እ.ኤ.አ. በ2009 የማሽኖች መለያ ቁጥር መመሳሰል የሚፈራውን ያህል አይደለም ብሎ ጽፎ፣ ቁጥሩን የሚቀይረውን የራሱን መሣሪያ ጡረታ አወጣው። ማይክሮሶፍት ግን ሲስፕሬፕ አድርጉ ማለቱን አላቆመም። አሁን ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2025 መጨረሻ ወዲህ በወጡት አፕዴቶች ዊንዶውስ 11 24ኤች2 ላይ ሁለት ማሽኖች አንድ መለያ ካላቸው እርስ በርስ መተዋወቅ ይከለከላሉ። የጋራ ፎልደር አይከፈት፣ ሪሞት ዴስክቶፕ አይገባ። ጎስት አድርገን የተውናቸው ላቦች ላይ የሚያለቅሱ አሉ። ስለዚህ አድርግ።

እሺ እህቴ፣ ከበሩ አጠገብ።

(ጥያቄዋ ቀድሞ የገቡ ተማሪዎችስ እንዴት አዲሱን ገጽታ ያገኛሉ የሚል ነበር።)

የተጋገረው እንጀራ ነዋ! ሁለት ምርጫ አለሽ። አንደኛው የድሮ ፕሮፋይላቸውን ማጥፋት ነው። ሲመለሱ እንደ አዲስ ይገባሉ። ግን ፎልደሩን እንዲሁ አትሰርዢው፤ ሬጂስትሪው ውስጥ ስማቸው ይቀራል፣ ሲገቡ ጊዜያዊ ፕሮፋይል ይሰጣቸዋል። ሲስተም ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዩዘር ፕሮፋይልስ ከሚለው አጥፊ። ከማጥፋትሽ በፊት ደግሞ ዶክመንትስ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳለ እዪ። ሁልጊዜ አለ። ሁለተኛው ምርጫ መተው ነው። በሰኔ ይመረቃሉ፣ አዳዲሶቹ ሲመጡ አዲሱን ያገኛሉ። እኔ ሁለተኛውን ነው የማደርገው።

ሻይ መጥቷል መሰለኝ። የቲም ፋይሉን ናሙና የምትፈልጉ ፍላሽ ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ፣ ከነስክሪፕቱ እሰጣችኋለሁ። አንሎዱ ተስተካክሏል።